ውኃ የተከለከለች የአጣቢ ልጅ

ጋሪው ቁልቁለቱን ሲይዝ የጦር ሰፈሩ አንሶላ ገና አልወረደም ነበር። አጣቢዋ ማልዳ ልታስረክብ የጫነችውን ሠላሳ አንሶላና አርባ የእግር ጥምጥም እንደያዘች፣ ልጇን በጥቅሉ አናት ላይ አስቀምጣ፣ ወደ ቀኝ መታጠፍ ሲገባት ወደ ግራ ታጠፈች። በር ጠባቂው ወታደር ጠመንጃውን ተደግፎ፣

«እትዬ፣ መንገዱ ጠፋብሽ እንዴ?» ብሎ ጮኸባት።

«መንገዱስ አልጠፋኝም፤ ስድስት ቀን ነው የጠፋኝ» አለችውና በቅሎዋን ሸነቆጠቻት።

ስድስት ቀን የምትለው ልጇ ከተነከሰች ወዲህ ያለውን ነው። ልጅቱ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ያጠበችውን የምትተኩሰው እሷ ናት። ለከሰል ካውያዋ ፍም ልትጨምር ደጅ ስትወጣ፣ ሥጋ ሻጩ በር ላይ ሲተኛ የኖረ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሽማግሌ ውሻ ብድግ አለና ከአውራ ጣቷ ሥር ዘነጠላት። ሰዉ አሳድዶ በድንጋይ ገደለው፤ ገደል ሰደደው። አብዶ ይሁን ወይስ እርጅና አስመርሮት፣ አይቶ የመረመረ የለም። አባቷ ግን በዚያው ሰዓት እጇን በነጠላ ጠቅልሎ ወደ አዋቂው ቤት አበረራት።

አዋቂው ክፉ ፊት የለውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እስኪጨርስ ሰምቶ ነው የሚናገር። ጥቁር ዱቄት በጥብጦ አጠጣት፤ ቁስሉን በጥቁር ቆዳ አሰረው፤ ከዚያ ትእዛዙን ነገራት። ቆዳው እስኪፈታ ቁስሉን ውኃ አይንካው። እስከ አርባ ቀን ድረስ የሚፈስ ውኃ አትሻገሪ። ከቤታችሁ ሰው ደግሞ ማንም እንዳይጠራጠር፣ ጥርጣሬ መድኃኒቱን ይሰብረዋል። «ይህን ከጠበቅሽ አንቺ አትሞችም፤ በልጆቼ እምላለሁ» አላት።

ውኃ በሚፈስበት ቤት የተወለደች ልጅ ውኃ ተከለከለች ማለት ነው። እናቲቱ ደጃፍ ላይ የሚያልፈውን የእጣቢ ቦይ በአፈር ደፈነችው። የልብስ ማጠቢያ ገንዳዋን ራቅ ካለ ድንጋይ ሥር ወሰደች። ልጅቱ ከጓዳ ስትወጣ እርጥብ መሬት እንዳትረግጥ በኋላ በር ትዞር ነበር። ስድስት ቀን እንዲህ ኖሩ።

አሁን ልጅቱ ከጥቅሉ ላይ ሆና መንገዱን አየች።

«እማ፣ ወዴት ነው?»

«ወንዙ ማዶ።»

ልጅቱ ለመዝለል ምንም አልቀራት። «ውኃ እንዳልሻገር ተብያለሁ እኮ! ልትገድይኝ ነው?»

«ልገድልሽ ብፈልግ እዚያው ቤት እገድልሽ ነበር፤ ምን ጋሪ አስነዳኝ።»

«አባዬ ያውቃል?»

እናቲቱ በቅሎዋን ደግማ ሸነቆጠቻት።

አባትየው አናጺ ነው። ነገር ግን ከተማው በሙያው አይጠራውም፤ ምስክሩ ነው የሚለው። ከሰባት ዓመት በፊት ባቱን ያበደ ውሻ ነክሶት ነበር። የአዋቂውን መድኃኒት ጠጥቶ ዳነ። ከዚያ ወዲህ የተነከሰ ሰው ሁሉ ወደ አናጺው ሱቅ ይላካል። እሱም መሮውን አስቀምጦ ሱሪውን ሰብስቦ ጠባሳውን ያሳያል፤ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ «ድኛለሁ፤ አየኸኝ፣ ቆሜ እሄዳለሁ» ይላል። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ሰውየው አልዋሸም። አንድም ቀን ሰባራ ሳንቲም ለምስክርነቱ አልተቀበለም። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ሌባ ቢሆን ኖሮ ማን ያምነው ነበር?

አጣቢዋ ደግሞ ከባሏ የደበቀችው ነገር አላት። ሰባት ዓመት ሙሉ ይዛው ተኝታለች፤ ይዛው ተነሥታለች።

ይህ ምስጢር ብቻውን ቢሆን ከእሷ ጋር መቃብር ይወርድ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን የልብስ ሰፊው ትንሽ ልጅ ተነከሰ። መድኃኒቱን ጠጣ፤ በሠላሳ አምስተኛው ቀን ታመመ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። አዋቂው ለቅሶ መጥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ «ውኃ ተሻግሮ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ሰው አሰበ፣ አሰበና አንዲት ጎረቤት ልጁ በአጣቢዋ ቦይ ላይ ሲዘል ማየቷ ትዝ አላት። አለቀ። አዋቂው ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልብስ ሰፊው ሚስት አጣቢዋን ስታይ መንገድ ትቀይራለች። አጣቢዋም አትፈርድባትም፤ ልጁን በእጣቢዬ ገድያለሁ ብላ አምናለችና። ስንት ቀን በአንሶላ ውስጥ ፊቷን ቀብራ አልቅሳለች።

አጣቢ ነጩን ልብስና ቀለም የሚለቀውን አብራ አትዘፈዝፍም። እሷም እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ የባሏንና የልጁን፣ በሁለት ገንዳ ለይታ ነው የያዘቻቸው። ትናንት ማታ የሸሚዙን ጥቅል ሊወስድ የመጣው አሥር አለቃ የልጅቱን የታሰረ እጅ አየና፣ «እትዬ፣ ወንዙ ማዶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ የዚህ መርፌ ያለው ድሬሰር አለ። ዘንድሮ ሁለት ወታደር ልከናል። ግን ቶሎ ነው፤ ከታመመች በኋላ መርፌም አያነሣትም» ብሎ ሄደ። ዛሬ ማለዳ ጥምጥሙን ስታጥፍ ሁለቱ ገንዳዎች በሐሳቧ ተደባለቁ። ጥምጥሙን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከዚያ ነው ልጇን «ነይ፣ ጋሪ ላይ ውጪ» ያለቻት።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ጀልባው ማዶ ነበር። በገመድ የሚሳብ ሰፊ ጀልባ ነው፤ ሰው የሚጠራው ዛፍ ላይ የተሰቀለውን ባዶ የመድፍ ቀለህ በብረት በመምታት ነው። አጣቢዋ ሦስት ጊዜ መታችው። ድምፁ ሳይጠፋ ከጀርባዋ ሌላ ድምፅ ሰማች።

«አንቺ ሴት! አውርጂ ልጄን!»

አናጺው ወሬውን ከበር ጠባቂው ሰምቶ፣ በአቋራጭ ኮረብታውን ወርዶ ነው የደረሰ። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ አለ፤ መሮው ቀበቶው ላይ እንደተሻጠ ነው። ደርሶ የበቅሎዋን ልጓም ያዘ።

«ልጅህ ልጄም ናት» አለች አጣቢዋ። «መጀመሪያ ትንፋሽህን ሰብስብ።»

«ስድስት ቀን ጠብቀን፣ ስድስት ቀን በደኅና ቆይታ፣ አሁን ወስደሽ ውኃ ላይ ልትጥያት? ምን ነካሽ? እኔን አላየሽም? ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ! ሌላ ምን ማስረጃ አማረሽ?»

«አይቼሃለሁ። ከማንም በላይ ያየሁህ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ!»

«አጥቤሃለሁ» አለች።

አናጺው አልገባውም። ልጅቱም ከጥቅሉ ላይ አንገቷን አሰገገች።

«ያን ዕለት እግርህ እየደማ መጥተህ ደጃፍ ላይ ወደቅህ፤ ደም ማየት አትችልም። እኔ እጄ እስከ ክርኔ አረፋ ውስጥ ነበር። ደም የነካውን ጨርቅ ሳይደርቅ እጠቢ ነው ያለችኝ እናቴ፤ ሌላ አላወቅኩም። በሞራ ሳሙና ፈትጌ፣ ሁለት ባልዲ ውኃ አፍስሼ፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ አጠብኩህ። ከዚያ ነው ሰዎቹ አዋቂውን ይዘውት የመጡት። "ውኃ ነክቶታል?" ሲለኝ ፈራሁ። "ኧረ በጭራሽ!" አልኩት። እጅጌዬ እየተንጠባጠበ እኮ ነው ይህን ያልኩት። አዋቂ የተባለው ሰው የሚንጠባጠብ እጅጌዬን አላየም።»

«ውሸትሽን ነው።»

«መድኃኒቱ ጭልጥ አድርጎ ሲያስተኛህ ደግሞ፣ ማታ ማታ ቆዳውን ፈትቼ አጥብና መልሼ አስር ነበር፤ ይሸት ነበራ። አርባውን ቀን አንድ ጠብታ እንዳልነካህ ለሰው ስትናገር፣ እኔ ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን እይዝ ነበር። ልገድለው ነበር፤ መድኃኒቱ ከኔ ስሕተት በረታ እያልኩ።»

አናጺው ልጓሙን አልለቀቀም፤ ግን የያዘው እጁ ላላ።

«የልብስ ሰፊው ልጅ ቦይ ዘሎ ሞተ ተባለ» አለች አጣቢዋ። «አንተ ደግሞ በሁለት ባልዲ ታጥበህ ኖርክ። እስቲ እነዚህን ሁለት ነገሮች አስማማልኝ። እኔ ዓመት ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ነኝ ብዬ ኖሬአለሁ። አርባ ቀን ውኃ ሳይሻገር የሚኖር ሰው አለ? ዝናብ ሲዘንብስ? ማን ይጠብቀዋል ያንን ትእዛዝ? ማንም! የኖረ በመድኃኒቱ ኖረ፤ የሞተ በገዛ እግሩ ሞተ። እሱ መቼ ነው የሚሳሳተው?»

ሰውየው ቀስ ብሎ የጋሪውን ጎማ ተደግፎ ተቀመጠ። አጣቢዋ ይቆጣል ብላ ነበር። ትፈራ የነበረው ቁጣውን ነው። እሱ ግን ጣቶቹን እየቆጠረ ይመስል እጁን ያይ ነበር።

«ሃያ ሦስት ሰው ልኬለታለሁ» አለ።

ይህን ቁጥር ገበያው ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ በኩራት ሲናገረው የኖረ ነው።

«ስንቱ ኖሩ?» አለች ልጅቱ ከላይ።

አናጺው ወደ ልጁ ቀና አለ። «የዳኑት እየመጡ ያመሰግኑኛል።»

«ያልመጡትስ አባዬ?»

«ሩቅ አገር ሰዎች ናቸው እል ነበር» አለና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ጀልባው ዳር ደርሶ ገጭ ሲል ሦስቱም ቀና አሉ። አሻጋሪው ፂሙ የገመዱን ቀለም የያዘ ሽማግሌ ነው። የቤተሰብ ጠብ ለምዷል፤ ወንዝ ዳር የማይሰማ ጉድ የለም። የልጅቱን ጥቁር ቆዳ አየ።

«ይህቺ ደግሞ ስንተኛ ቀኗ ነው?»

«ስድስት» አለች እናቲቱ።

«መልካም። አልጋ ሳትይዢ መጥተሻል።»

«ምን ማለትዎ ነው አባቴ?» አለ አናጺው።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ገመድ ሳቢ ነኝ። ግን ሲሄዱም ሲመለሱም አያለሁ፤ ሌላ መንገድ የላቸውማ። በጊዜ የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ በእግሩ ይመለሳል፤ በሦስት ሳምንቱ፣ ሆዱን እያሻሸ፣ እኔን እየተሳደበ። አርባውን ቀን ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ካመመው በኋላ አልጋ ላይ ታስሮ የመጣ ግን» አለና ገመዱን ጨበጥ አደረገ፤ «እኔ የምመልሰው አልጋውን ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ገመዱን አላልቶ ቀጠለ።

«አንድ ሰው ደግሞ በጊዜ ሄዶ ሞቷል፤ አልዋሻችሁም። የተነከሰው ፊቱን ነበር።»

ልጅቱ ከጥቅሉ ላይ ወረደች። ወደ ጀልባው አልሄደችም፤ ወደ አባቷ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ልሻገር?»

አናጺው ልጁን አያት። ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም ለመጣ ሰው መልስ አጥቶ አያውቅም። አሁን ግን ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «ደኅነኛ እጇን ይዘሽ አሻግሪልኝ» አለ። እሱ ራሱ አልተነሣም። አርባ ቀኑ ካለፈ ስንት ዓመቱ፣ ያም ሆኖ ወንዝ ተሻግሮ አያውቅም፤ እግሩ ልማዱን አልረሳም። ልጓሙን ይዞ እዚያው ቀረ።

ጀልባው ሲነሣ ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። ጥፍሯ በእናቷ መዳፍ ውስጥ ገባ።

«መሐሉን አለፍነው?»

«አልፈነዋል።»

«አልሞትኩም።»

«እኔ ጀልባ ላይ መሞት ክልክል ነው» አለ አሻጋሪው ገመዱን እየሳበ። «ሚዛን ያስታል።»

ልጅቱ በስድስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋም መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ።

ድሬሰሩ ያለበት ቤት ከባቡር ጣቢያው መጋዘን ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ በኖራ የተለቀለቀ አንድ ክፍል ነው። ድሬሰር በዚያ ዘመን ከሐኪም በታች፣ ከአስታማሚ በላይ የሆነ ሰው ነው። ይህኛው የአንድ ዓይን መነጽሩ የተሰነጠቀ፣ የሠራዊት ካፖርት ያለ ቁልፍ የለበሰ አጭር ሰው ነበር። መርፌው በላምባ ምድጃ ላይ በድስት ይፈላል። መድኃኒቱ በባቡር፣ በመጋዝ ብናኝ ተቀብሮ፣ ከሩቅ የሚመጣ ነው።

ጥቁሩን ቆዳ በመቀስ ሲቀድደው ክፍሉ በክፉ ሽታ ተሞላ። ድሬሰሩ አልተቆጣም፤ ፊቱን ብቻ ትንሽ ዘወር አደረገ።

«በመጀመሪያው ሰዓት በውኃና በሳሙና ታጥቦ ቢሆን ትልቁ ሥራ በተሠራ ነበር» አለ። «ቢዘገይም ይታጠባል። ማጠብ ትችያለሽ እትዬ?»

ለአጣቢ የዚህ ዓይነት ጥያቄ! አጣቢዋ እጅጌዋን ሰበሰበችና ማጠቡን ያዘች። ልጇ ጮኸች፤ ተሳደበች፤ እናት እንደሌላት ተናገረች። እሷ አልለቀቀችም። ድሬሰሩ የኪስ ሰዓቱን አውጥቶ ሩብ ሰዓት ሲሞላ ነው «በቃ» ያላት። እያጠበች ሳለ የባሏን ነገር ነገረችው፤ ሁለቱን ባልዲ፣ የተንጠባጠበውን እጅጌ።

«እኔ ነኝ ያዳንኩት ማለት ነው?» አለችው። ልቧ እንዲህ እንዲላት ፈልጎ ነበር፤ ማን ይፈርድባታል።

ድሬሰሩ መነጽሩን ጠረገ። «ሊሆን ይችላል። ውሻው በሽተኛ ላይሆንም ይችላል። በሽተኛ ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉም አይታመምም፤ ብዙው ምንም ሳይጠጣ ይተርፋል። አዋቂያችሁ የሚኖረው በነዚህ ነው። ባልሽን ምን እንዳተረፈው እኔ አላውቅም።»

አላውቅም አለ። አጣቢዋ ይህን ቃል መድኃኒት ከሚሰጥ ሰው አፍ ሰምታ አታውቅም።

ልጅቱ እጇን እያራገበች፣ «እኔስ?» አለች። «እድናለሁ? ማልልኝ።»

«አልምልም።»

«የኛው ምሎልኛል እኮ! በልጆቹ ነው የማለልኝ!»

«ይማልልሽ። እኔ የማውቀውን ነው የምነግርሽ።» ከመደርደሪያው ትልቅ መዝገብ አውርዶ በጉልበቱ ላይ ከፈተ። «ባለፈው ዓመት እዚህ መቶ ስድስት ሰው ወግቻለሁ። ከታመሙ በኋላ የመጡትን አልቆጠርኩም፤ ለነሱ መርፌ የለኝም። ከመቶ ስድስቱ ሁለት ሞተውብኛል። ይኸውልሽ፣ በቀይ ቀለም ናቸው። ይህ ሰው የመጣው በሃያኛው ቀን ነው። ይህ ደግሞ የተነከሰው ጉንጩን ነበር። ስማቸውን እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

እናቲቱ ፊደል አትቆጥርም። ቀዩን ቀለም ግን አየች። ወንዙ ማዶ ላይ ስንት ዓመት ስታዳምጥ ስለሞቱት የተናገረ አልነበረም፤ ሲነገርም በገዛ ጥፋታቸው ነው የሚባለው። ይህ ሰው የራሱን ሙታን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ፣ አቧራ አራግፎ ያሳያል። አላውቅም የሚል ሰው አውቃለሁ ሲል ይታመናል ብላ አሰበች፤ ግን አፍ አውጥታ አልተናገረችውም። ልጇ እንዲገባት አልገፋቻትም።

ልጅቱ መዝገቡን፣ ከዚያ ድስቱ ውስጥ የሚንቀጠቀጠውን መርፌ አየች። «የት ነው የሚወጋው?»

«ሆድሽን። በየቀኑ አንድ፣ ሃያ አንድ ቀን።»

«ሃያ አንድ! ወንፊት ልታደርገኝ ነው?»

«አልቀረም።»

ልጅቱ አግዳሚው ላይ ተጋደመች። ልብሷን ራሷ ሰበሰበች። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ መልክህን ይዤዋለሁ» አለችውና ጥርሷን ነከሰች።

ሃያ አንዱ ቀን ሄደ። አጣቢዋ መጋዘኑ ጥግ ላይ ተኝታ፣ የድሬሰሩን ፋሻና ፎጣ እያፈላች አጠበች፤ ሥራ ፈት መሆን አትችልበትም። አንዳንድ ቀን ልጅቱ ትኩሳት ይይዛትና እናቷ በሽታው መጣ እንግዲህ ብላ፣ የታመመ ሰው ውኃ አይወርድለትምና፣ ውኃ በኩባያ ይዛ ትቀርባታለች። ልጅቱ ጠጥታ ስትመልስላት ነው ትንፋሽዋ የሚመለስ። ሆዷ አብጦ፣ ጠቁሮ፣ በጀርባዋ ብቻ ትተኛ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ልጅቱ ልብሷን እያስተካከለች፣ «ስለዚህ አዳንከኝ» አለችው።

«ውሻውን ገደል ጥለውታል አላልሽኝም?» አለ ድሬሰሩ። «ምናልባት ጤነኛ ውሻ ይሆናል።»

«ሃያ አንድ ጊዜ በከንቱ ተወጋሁ?»

«ያንን እኔም አንቺም አናውቀውም። ብናውቅማ በጎ ነበር። ሦስት ወር በደኅና ከሆንሽ አሥር አለቃው በቴሌግራፍ ያስነግርልኝ፤ በመዝገቤ እጽፋለሁ።»

«ሰው ሲጠይቀኝ ታዲያ ምን ልበል?»

«የሆነውን ንገሪ፤ ያልሆነውን አትጨምሪ።»

ተመልሰው ጀልባው ላይ ሲሳፈሩ አናጺው በዚያኛው ዳር ቆሞ ይታይ ነበር። አንሶላውን ያን ዕለቱኑ አስረክቦ ጋሪውን መልሷል። ፂሙ አድጓል፤ ከስቷል። ከጎኑ አንዲት ሴት አለች፤ የዳቦ ቤት ዱቄት ያልለቀቃት፣ ክንዷን በንጹሕ ጨርቅ ያሰረች።

ልጁን አቅፎ ቆየ። ከዚያ ለሚስቱ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «ሃያ ሦስቱን በር ሁሉ አንኳኳሁ» አላት።

«እሺ?»

«አምስቱ በር ላይ የከፈተልኝ የቀበራቸው ሰው ነው።»

አጣቢዋ እጁን ያዘችው፤ እጁ ላይ ፍቅፋቂ የለም፤ ሦስት ሳምንት እንጨት አልነካም።

«እሷ ትናንት ነው የተነከሰችው» አለ ወደ ሴትዮዋ እያመለከተ። «ወደ ሱቅ መጣች። ጠባሳህን አሳየኝ አለችኝ። አላሳየኋትም፤ አጥቤ አመጣኋት።»

ሴትዮዋ ግን ውኃውን እያየች ወደ ኋላ ትል ነበር። ልጅቱን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «አንቺ ነሽ መርፌውን የተወጋሽው? ዳንሽ?»

አናጺው አንገቱን ደፋ። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ሰምቶታል! እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ስንት ጊዜ መልሶለታል! አጣቢዋ ልጇን አየቻት፤ ቶሎ አዎ በያት፣ ገላግያት ልትላት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ልጅቱ የሴትዮዋን የታሰረ ክንድ አየች።

«አላውቅም» አለቻት። «የነከሰኝ ውሻ ያበደ ይሁን አይሁን የመረመረ የለም። ሃያ አንድ ጊዜ ተወግቻለሁ፤ ያማል፤ ሆዴን ላሳይሽ እችላለሁ። እስካሁን አልታመምኩም። እዚያ መዝገብ አለ፤ የኖሩትም የሞቱትም ተጽፈዋል፤ የሞቱት ጥቂት ናቸው። ከዚህ ያለፈ ብነግርሽ ዋሸሁሽ።»

«አዋቂው ግን ይምልልኛል።»

«አዎ» አለች ልጅቱ። «ይምላል።»

ሴትዮዋ ቆመች። ልቧ ከሁለት ተከፍሎ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። አሻጋሪው ገመዱን እያላላ፣ «እንግዲህ ከተማው ሁሉ እስኪመክር አልቆምም፤ ትሄጃለሽ?» አለ።

ያን ጊዜ አናጺው ከሚስቱ እጅ እጁን አወጣ። ወደ ጀልባው ሄደ፤ አንድ እግሩን አነሣ፤ እንደገና አወረደ። ጫማውን አወለቀ፤ ምን ሊረባው እንደሆነ እሱም አያውቅ። ከዚያ ገባ። ጀልባው ዘመም ሲል የገመዱን ዘንግ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ነይ እህቴ» አላት። «እኔም ተሻግሬው አላውቅም።»